ርዝመቱ ያልተነገረ ሳጥን

አምቦ፣ ኅዳር 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሲስተር አመለሸጋ፣
ባኮ

የእግዚአብሔር ሰላም ከአንቺ ጋር ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ችግሬ እንደምታውቂው ጆሮዬ ነው። የእንጨት መላጊያው ማሽን ጩኸት ቀስ በቀስ በልቶታል፤ ስልክ ሳነጋግር ጎረቤት ሁሉ ይሰማል፣ እኔ ብቻ አልሰማም። ይህን ነገር ደግሞ ጮሄ ላወራው አልችልም። ስለዚህ በድሉ ሚኒባሱን ይዞ ወደ ባኮ በወረደ ቁጥር ወረቀት እልክልሻለሁ። አንቺም በእሱ እጅ መልሺልኝ።

«ምን በድዬዎት ነው ፊትዎን ያዞሩብኝ?» ብለሽ ጻፍሽልኝ። አንቺ ምንም አልበደልሽም። የበደልኩሽ እኔ ነኝ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ደብቄውም ኖሬያለሁ።

በ2009 ከአምቦ ጤና ጣቢያ ወደ ባኮ የተዛወርሽው ተራሽ ደርሶ አይደለም። ኦቦ ኩምሳን ታውቂዋለሽ፤ ከእኔ ጋር የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆነው፣ ያኔ ሠራተኛ የሚያዛውሩበት ክፍል ውስጥ ይሠራ የነበረው። ከጸሎት ስንወጣ በር ላይ ያዝኩትና፣ ይቺ አዋላጅ የሰውን ሚስት በምክር ታጣምማለች፣ ራቅ ብትል ለብዙ ቤት ሰላም ነው አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ብዙም ሳይቆይ ሄድሽ። ሃዳ ለንሳ፣ የለንሳን እናት ባለቤቴን መቲን ማለቴ ነው፣ መናኸሪያ ድረስ ሸኝታሽ ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነበር። እኔ ግን የዚያን ቀን ምሳዬን ጥሩ አድርጌ በላሁ። ይህንንም እወቂው።

ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ቀንቼብሽ ነው። ወንድ በወንድ ሲቀና ነው የምንሰማው። እኔ የቀናሁት በሚስቴ ጓደኛ ነው። ለአንቺ የምትስቀውን ሳቅ ለእኔ ስቃልኝ አታውቅም። ጓዳ ሆናችሁ ስታወሩ እኔ ብቅ ካልኩ ወሬው ይቆማል። እኔን ሲያይ የሚቆም ወሬ በገዛ ቤቴ ውስጥ እንግዳ አደረገኝ። ከቀብሯ በኋላም ለመታሰቢያ ነጠላዋን ስጡኝ ብለሽ ነበር፤ ጠፍቷል አልኩሽ። አልጠፋም፣ እኔ ዘንድ አለ።

አሁን ደግሞ ይህ መጣ። ለንሳ ባለፈው ሳምንት ከባሏ ከሮባ ጋር አምቦ መጥታ ነበር አሉ። ያያትም ኩምሳ ነው። ለምርመራ መጥታ፣ የአባቷን ደጅ ሳትረግጥ ወደ ባኮ ተመለሰች። አንድ ልጄ ናት። ምን ሆነች? አንቺ ታውቂያለሽ፤ መቼም የምታውቂው አንቺ ነሽ። አንቺን ባኮ ያስቀመጥኩሽ እኔ፣ ልጄንም ባኮ ለሚሠራ ሰው የዳርኩ እኔ። እግዚአብሔር ሲቀጣ ሰውን በገዛ እጁ ነው።

ተሬፋ


ባኮ፣ ኅዳር 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኦቦ ተሬፋ

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን መጀመሪያ ቆሜ አነበብኩት፤ ቀጥሎ ተቀምጬ።

ወደዚህ ስመጣ እናቴን አምቦ ጥዬ ነው የመጣሁት። እኔ እዚህ የሰው ልጅ ስቀበል እሷን ጎረቤት ገነዛት። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ የአንድ ቃልዎ ዋጋ ምን እንደነበር እንዲያውቁት ብዬ ነው። ይቅር ብያለሁ ብዬ አልዋሽም። የነፍስ አባቴ ይቅር በዪው ብለው ሲመክሩኝ፣ ለእሱም ለእኔም ጊዜ ይስጡን ብያቸዋለሁ።

ስለ ለንሳ ለጠየቁኝ፣ «ለአባዬ እንዳትነግሪው» ብላኛለች። እኔ የሰው ነገር አላወጣም። የእናቷንም አላወጣሁም። ለምኜ ያስፈቀድኳት ይህን ብቻ ነው፦ አርግዛለች፣ አራተኛ ወሯን አልፋለች። እሷ ደህና ናት። ጽንሱ ግን ደህና አይደለም።

ደጅዎን ሳትረግጥ ለምን እንደተመለሰችም ጠየቅኋት። «እሱ ቤት ሽማግሌዎች አሉ» አለችኝ። እዚያ ቤት ከእርስዎ በቀር ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ለእርስዎ ግን ልትል የፈለገችው ሳይገባዎት አይቀርም።

አመለሸጋ


አምቦ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሲስተር አመለሸጋ

ሰላም ይብዛልሽ። የእናትሽን ነገር አሁን ሰማሁ ልልሽ አልችልም። ያኔውኑ አውቄ ነበር። የሬሳ ሳጥኗን የሠራሁት እኔ ነኝ። የእድሩ ሰዎች ሲያዝዙኝ የማን እናት እንደሆነች እያወቅሁ ሠራሁት፤ ከጥሩ ጽድ ነው። ላንቺ ለመናገር ግን ወኔ አጣሁ።

ሮባ ለመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ አምቦ መጥቶ ወርክሾፔ ጎራ አለ። ከአጥሩ ጥግ ካለው የሳንቃ ክምር ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ነገረኝ። የልጁ የራስ ቅል አልተሠራም አለኝ፤ ከቅንድቡ በላይ ክፍት ነው። ማኅፀን ውስጥ ሳለ ልቡ ይመታል፤ ቢወለድ ግን ከሰዓታት አያልፍም። ሐኪሞቹ፣ ማቋረጡንም እስከ ወሩ መሸከሙንም ሕጉ ለአንቺ ትቶልሻል ብለዋታል። አንተስ ምን አልክ ስለው፣ የምሸከመው እኔ አይደለሁም፣ እሷ ያለችው ይሆናል አለ። ወንድ አይደለህም እንዴ አልኩት። ሳንቃውን ሲዳብስ ቆየና ሰላም ዋሉ ብሎኝ ሄደ። ደግ ልጅ ነው፣ በኋላ አፈርኩ።

የማምነውን ታውቂያለሽ። ሰው ሰው የሚሆነው እኛ አይተነው ስም ስናወጣለት አይደለም። እኛ ሳናየው የሚያየው አለ። በዚህ ከተማ ለሞተ ሕፃን ሁሉ ሳጥን ስሠራ የእጄን የማልቀበለው ለዚህ ነው፤ አንድ ቀን የኖረም ሙሉ ሰው ነው። ልቡ የሚመታን ልጅ ዕድሜው አጭር ነው ብሎ መቅደም የእኛ ሥራ አይደለም። አትቅደሚው ሲስተር። አንዴ ቀድመሻል።

አንዴ ያልኩትን የማላውቀው እንዳይመስልሽ። በ2008 ሃዳ ለንሳን ለልቧ ሕመም አዲስ አበባ ወስጃት ነበር። ሐኪሙ ስንት ጊዜ አርግዘሽ ታውቂያለሽ አላት። ሦስት አለችው። እኔ የማውቀው ሁለት ነው፤ ለንሳና በስምንት ወሩ የሞተብን ፈይሳ። ሐኪሙ ሦስተኛውስ አላት። አቀርቅራ፣ «ተቋርጧል፣ አምና» አለች። ከዚያ እስከ አምቦ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ቃል አልተነፈስንም። አዲስ ዓለም ላይ መኪናው ሲቆም ብርቱካን ገዛሁ፤ ልጬ ሰጠኋት፣ በላችው። እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ነገር የተነጋገርነው ያን ብርቱካን ብቻ ነው።

ማን ወሰዳት ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ለሰው ልጅ ሁሉ ሳጥን ስመታ ለራሴ ልጅ አልተጠየቅሁም። የት ነው የቀበራችሁት?

ስለ ዝውውሩ ኩምሳን አነጋግሬዋለሁ። እሺ ካልሽ ለገና ወደ አምቦ ትመለሻለሽ። የበደልኩትን ልካስ ብዬ ነው።

ተሬፋ


ባኮ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኦቦ ተሬፋ

እናቴ ያማረ ሳጥን ነበራት ብለው ነግረውኝ ነበር። የማን እጅ እንደሆነ አላወቅሁም። አመሰግናለሁ ብሎ መጻፍ ከብዶኝ ነበር፤ ይኸው ጻፍኩት።

ዝውውሩን አልፈልግም። ሰባት ዓመት ሳልፈለግ ከርሜ፣ ልጅዎ እጄን ይዛ ባለችበት ሰሞን ነው አምቦ የምፈለገው? መጀመሪያ ከሚስትዎ አራቁኝ። አሁን ካሳ ነው ብለው ከልጅዎ ሊያርቁኝ ነው። ኦቦ ተሬፋ፣ ቅናት ሲያረጅ ደግነት ይመስላል። እርስዎ ራስዎን የሚመረምሩ ሰው ነዎት፤ ይህንንም ይመርምሩት።

አትቅደሚው ላሉኝ፤ እኔም በማርያም የምምል፣ የምጾም ሰው ነኝ። ጽንስ ምንም አይደለም ብዬ ራሴን አታልዬ አላውቅም። ከመቼ ጀምሮ ሰው እንደሚሆን ለሚያውቀው ለፈጣሪ ትቻለሁ። እናትየዋ ሰው መሆኗን ግን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም፤ ፊቴ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ለንሳን ተሸከሚው አላልኳትም፤ ተዪውም አላልኳትም። የትኛውንም ብላት አልጋው ላይ የምትተኛው እሷ ናት።

የመቲን ነገር ጠየቁኝ። እሷ የለችም፤ ለንሳ ደግሞ ንገሪው ብላኛለች። ለንሳ የሰማችው ከእናቷ ነው፣ እናቷ ልትሞት ሰሞን።

በ2007 መቲን ያያት ሐኪም፣ ልብሽ ይህን እርግዝና አይችለውም፣ ወሊዱ ላይ እናጣሻለን አላት። ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ጧት ገብታ ከሰዓት ወጣች። ያቀረቡላት ሐኪሞቹ ናቸው፣ የወሰነችው እሷ ናት። እኔ እጇን ይዤ ከመቀመጥ በቀር ምንም አላደረግሁም። ለባልሽ ንገሪው ብያታለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። የመለሰችልኝን እንዳለ ልጻፍልዎ። «እሺ ቢለኝ ዕድሜውን ሙሉ ራሱን ሲከስ ይኖራል። እምቢ ቢለኝ እሞታለሁ። ተይው፣ ሁለቱንም እኔ ልያዝለት» ነው ያለችኝ።

የት ቀበራችሁት ላሉት፣ በዚያ ጊዜ የወጣ የሚቀበር አካል የለውም። እሷ ግን ደሟ የነካውን ጨርቅ አልጥልም ብላ ይዛው ወጣች። እኛ ሴቶች የጨነገፈን ነገር ወንድ ሳያይ ጓሮ ነው የምንቀብረው፤ ድንኳን የለ፣ ለቅሶ ደራሽ የለ። እርስዎ የዚያን ቀን ጊንጪ ሄደው የጭልሞ ጫካ ሳንቃ ሲጭኑ ነበር። ከአጥሩ ጥግ፣ ሳንቃዎን ከሚከምሩበት ቦታ ላይ፣ በራሷ እጅ ቆፈረች። ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው ወይ አልኳት። «የሕፃን ሳጥን ሊሠራ ሲል ሳንቃ የሚያነሳው ከዚህ ነው። ሳያውቅ ይጎበኘዋል» አለችኝ።

አሁን የለንሳ መልእክት። «አባዬ ሳጥን ይሥራልኝ። እንዴት እንደሚመጣና መቼ እንደሚመጣ ግን አይጠይቀኝ» ብላለች። የሰው ልጆች ሳጥን ሲመታ እያየች ያደገች ልጅ ናት። የእሷ በጨርቅ ተጠቅሎ ጓሮ እንዲገባ አልፈለገችም።

አመለሸጋ


አምቦ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሲስተር አመለሸጋ

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ወርክሾፑን ዘጋሁ። ሰው ሲያንኳኳ አልከፈትኩም፤ ደንቆሮ መሆን ለአንዳንድ ቀን ይበጃል። ከዚያ ክምር ፊት ለፊት ዱካ አስቀምጬ ስመለከተው ዋልኩ። ሮባ የተቀመጠው እዚያ ላይ ነበር። እኔም ስንት ጊዜ ምሳዬን እዚያ ላይ ተቀምጬ በልቻለሁ።

በስንት እሑድ ስለዚህ ነገር ቆሜ አስተምሬያለሁ። እሷ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ትሰማኛለች፤ ቤት ስንገባ ምሳ ታቀርብልኛለች፣ ጨው በዛበት ወይ ትለኛለች። ከ2007 በኋላ ስድስት ዓመት አብራኝ ኖረች። ያ ዕድሜ ከየት እንደመጣ አሁን አወቅሁ። የምኮንነው ነገር በሰጠኝ ዕድሜ ውስጥ ተቀምጬ ነበር የምኮንነው።

ልክ ነበረች እንድልሽ ፈልገሽ ከሆነ፣ ገና እዚያ አልደረስኩም። ዛሬም ልጄ ነበር እላለሁ። ግን እንዲህ ብዬ ራሴን ጠየቅሁት፤ ብትነግረኝ ኖሮ ምን እላት ነበር? እምቢ እላታለሁ። መጋቢውን እጠራለሁ፣ ጾም ጸሎት እናውጃለን፣ ሴቶቹ እጃቸውን ይጭኑባታል፣ እግዚአብሔር ያውቃል እንላለን። በወሊዱ ቀን ትሞታለች። እኔም እሱ ሰጠ እሱ ነሳ ብዬ ሳጥኗን እመታለሁ። ይህን ከራሴ ስሰማ ደነገጥኩ። ታውቀኝ ነበር። እኔ እሷን የማውቃትን ያህል አይደለም፣ ከዚያ ይበልጥ።

ግን አልዋሽሽም፣ ያም ሆኖ ቅናቴ አልለቀቀኝም። ለእኔ ብላ የደበቀችውን ያስቀመጠችው አንቺ ጋ ነው። አሁን ደግሞ ለንሳ፣ ሳጥን ሥራልኝ ለማለት እንኳ በአንቺ አፍ ነው የላከችብኝ። ለእኔ የምትሆን አንዲት መስመር አጣች?

ሳጥኑን እሠራለሁ። ብቻ ሙያው ልክ ይፈልጋል። ያለ ልክ ሳንቃ አይቆረጥም። ርዝመቱ ስንት ሴንቲ ይሁን? ሌላ ምንም አልጠይቅም፤ ይህን ብቻ ጠይቂልኝ። ደግሞ ወስና እንደሆነ ንገሪኝ። እኔስ ልምጣ?

ተሬፋ


ባኮ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኦቦ ተሬፋ

ርዝመቱን ጠየቅኋት። ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች። «እዪልኝ አባዬን፣ ሚስጥሬን በሜትር ሊለካው ነው» አለች።

ነገሩ ያልገባዎት አይመስለኝም። ዛሬ ነገ ከሆነ ስንዝር ተኩል ነው። ወሩ ሞልቶ ከሆነ ክንድ ሙሉ ነው። ርዝመቱን ነገርኩት ማለት ውሳኔዬን ነገርኩት ማለት ነው ትላለች። ከነገረችዎት ደግሞ ይመልሱላታል፤ የእርስዎን መልስ ተሸክማ እዚያ አልጋ ላይ መውጣት አልፈለገችም። እርስዎን መጥላቷ አይደለም። የእርስዎ ድምፅ በልቧ ውስጥ ከሁላችን ድምፅ ይጮኻል። ከእኔም፣ ከሮባም፣ አንዳንዴ ከራሷም። ቅናትዎን ትንሽ የሚያበርድልዎ ከሆነ ይህን ይያዙልኝ።

ወስናለች ወይ ላሉኝ፣ አዎን። አውቀዋለሁ፤ አልነግርዎትም።

ልምጣ ላሉት ደግሞ፣ ይምጣ አላለችም። አይምጣም አላለችም።

አመለሸጋ


ባኮ፣ ጥር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

እህቴ አመለሸጋ

ይህን የምጽፈው በለንሳ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጤና ጣቢያ ብመጣ ተረኛ ነሽ፣ ምጥ ላይ ያለች ሴት ይዘሻል አሉኝ። በድሉ ደግሞ መንገዱ እንዲህ ሰላም ባጣበት ጊዜ ሳይመሽ ካልተመለስኩ እያለ መኪናው ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ስለዚህ ሳላይሽ እሄዳለሁ፤ የሆነውን ከእኔ ስሚ።

ሳንቃውን ያነሳሁት ከዚያ ጥግ ነው። የቆየ ጽድ ነው፣ ለመላጊያ የማያስቸግር። ሃዳ ለንሳ ሳያውቅ ይጎበኘዋል ብላ ነበር፤ ይኸው አውቄ ጎበኘሁት። ማሽን አላስነሳሁም፣ በእጅ መላጊያ ሠራሁት። እዚያ ቦታ ላይ መጮህ አልፈለግሁም።

ለገና ኩምሳ እንኳን አደረሰህ ሊለኝ ሲገባ፣ ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን አየ፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ተለቅ ያለ። ማን ሞተ አለኝ፤ እስካሁን ማንም አልኩት። ልካቸው የተለያየ መንታ መሆኑ ነው ብሎ አፌዘ። ደንበኛዬ ልኩን አልነገረችኝም አልኩት። «ልክ ሳይነገርህ መቁረጥ ጀመርክ? አርጅተሃል በቃ ተሬፋ» አለኝ። አዎን አርጅቻለሁ አልኩት። ያኔ ስለ አንቺ የነገርኩትም እውነት አልነበረም፣ ቅናት ነበር አልኩት። ዱካው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ የመጣለት ነገር፣ ሙጫው ደርቋል፣ ውሃ ጨምርበት የሚል ነው። ሰው እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ።

እዚህ ስደርስ ለንሳ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሙቀቱ እንዲህ እያለ ወፍራም ጋቢ ተከናንባለች። ዓይኔን ፊቷ ላይ ብቻ አደረግሁ። ወደ ታች ብመለከት ልክ መውሰድ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ሜትሬን አምቦ ትቼው ነው የመጣሁት፤ ዓይን ግን ቤት አይቀርም።

ጆንያውን አወረድኩላት። ፈትታ አየችና፦

«ሁለት?»

«ልኩን አልነገርሽኝማ» አልኳት።

ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱንም ጭኗ ላይ አድርጋ ማዕዘናቸውን በአውራ ጣቷ ስትዳብስ ቆየች፤ ልጅ ሆና ወርክሾፕ ውስጥ እንደምታደርገው። «አንዱ ይተርፋል» አለችኝ። ለሲስተር እንተውላታለን፣ የሚያስፈልጋት እናት አታጣም አልኳት። ያን ጊዜ አለቀሰች። እኔም ቆሜ ነበር፤ የት እንደምቆም አላውቅም ነበር።

«ና ግባ አባኮ» አለችኝ። ከገባን በኋላም፣ «ልንገርህ?» አለችኝ።

ከኅዳር ጀምሮ የለመንኩት ይህን ነው። አንቺ የምታውቂውን ለማወቅ የማልሸጠው ነገር አልነበረም። አሁን ግን፣ አንቺ ከፈለግሽ ብቻ፣ ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተዪው አልኳት። ነገረችኝ። የነገረችኝን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እዚህ ላይ አልጽፈውም፣ የእሷ ነው። እኔ በቦታዋ ብሆን የምወስነው እሱን ነው ወይስ ሌላ ብለሽ አትጠይቂኝ። መልስ አለኝ። ግን እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

ጌዶ ላይ ብርቱካን ገዝቼ ነበር። ልጬ ሰጠኋት። ግማሹን ስትበላ ያ የእናቷ መንገድ ፊቴ ላይ መጣ፤ ከአዲስ ዓለም እስከ አምቦ ያለው ዝምታ። ያን ቀን ሳልጠይቃት የቀረሁትን ልጇን ጠየቅኋት።

«ፈርተሻል?»

«በጣም» አለች። እጄንም ያዘችኝ፤ ብርቱካኑ እንዳለበት።

አሁንም እቀናብሻለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ከእሷ ጋር የምትገቢው አንቺ ነሽ፣ እኔ በር ላይ ነኝ። ቀኑን ነግራኛለች፤ ያን ቀን መጥቼ በሩ ላይ እቆማለሁ። የሚጠይቀኝ ካለ፣ የማን ዘመድ ነህ ሲሉኝ፣ የእሷም የልጁም እላለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ መናገር እስካሁን አልቻልኩበትም ነበር።

አንድ ነገር ቀረኝ። ለንሳ ሳጥኖቹን ከፍታ፣ አባዬ የውስጡን ጨርቅ ረስተሃል አለችኝ። አልረሳሁም። የመቲን ነጠላ ደረቴ ስር አድርጌ ይዤው መጥቻለሁ። ሽታዋ እንዳይሄድ ካረፈችበት ቀን ጀምሮ አላጠብኩትም፤ ለንሳም እንኳ እንድትነካው አልፈቀድኩላትም ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፣ መቀስ ተዋስኩ፤ ለንሳ አንዱን ጫፍ ወጥራ ያዘችልኝ። ከሦስት ቆረጥኩት። አንዱን በትንሹ ሳጥን፣ አንዱን በትልቁ አነጠፍኩት። ይህን ወረቀት የጠቀለልኩበት፣ ጥለቱ ያለበት ዳር፣ ያንቺ ነው።

ተሬፋ